ዘቢቡ ለመቅደስ፥ በሶው ለመንገድ

አቢግያ የባሏ የናባል ንፍገት በቤቷ ላይ ሊያመጣ የነበረውን መዓት ለመመለስ በአህያ አስጭና ወደ ዳዊት ከወሰደችው መካከል፥ ከእንጀራውና ከወይን ጠጁ ሌላ 5 መስፈሪያ የተጠበሰ እሸት፥ 100 የዘቢብ ዘለላና 200 የበለስ ጥፍጥፍ እንደ ነበረ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ተጽፏል። በዚያው መጽሐፍ፥ ሦስት መዓልትና ሦስት ሌሊት እህል ውኃ ሳይቀምስ በሜዳ ወድቆ የተገኘው ግብፃዊ ብላቴና፥ ነፍሱ የተመለሰችለት በእንጀራው ላይ የበለስ ጥፍጥፍና ሁለት የዘቢብ ዘለላ ሲጨምሩለት ነው። እንግዲህ የዛሬ ከተሜ ተምርና ለውዝ አድቅቆ፥ በማር ለውሶ፥ እሳት ሳያስነካ በመዳፉ እያድቦለቦለ ለመንገድ የሚይዘው ምግብ አዲስ ፈጠራ የሚመስለው እነዚህን ምዕራፎች ለዘለለ ሰው ብቻ ነው።

በጎጃም ግን ዘቢቡና የመንገድ ስንቁ ተለያይተዋል። በሞጣና በቢቸና ጉርብትና፥ በእነብሴ ሳር ምድር ያለችው መርጡለ ማርያም፥ ስሟ የማርያም አዳራሽ ተብሎ የሚተረጐም፥ ትውፊቱም ጥንተ ምሥረታዋን ከአብርሃና ከአጽብሓ ዘመን የሚያደርስላት ደብር ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ንግሥት እሌኒ ያሳነጸቻት ቤተ ክርስቲያን በግራኝ ጦርነት ጠፍታ፥ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢየሱሳውያን እጅ ደግሞ ተሠርታ ነበር፤ ቅርጽ የወጣበት የድንጋይ ፍርስራሿም እስከ ዛሬ ይታያል። የደረቅ ፍሬን ነገር የሚመረምር ሰው ግን ድንጋዩን ትቶ ወደ ቤተ ልሔሙ ጎራ ይበል። በዚያ ዘቢቡ ታጥቦ፥ በውኃ ርሶ፥ ተጨምቆ ለቍርባን ይዘጋጃል፤ ምእመኑም ስለቱን ሲያገባ ጧፍ፥ ዕጣን፥ ዘቢብ ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይቈጥረዋል። ምንም እንኳ በቤጌምድር፥ በይፋግ፥ ወይን ይለማ የነበረ ቢሆን፥ ለጎጃም ገበሬ ዘቢብ ነጋዴ የሚያመጣው ውድ ዕቃ ነበርና፥ ለመሥዋዕት የተለየውን ፍሬ በመንገድ ላይ መቈርጠም፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ከቶ በአሳቡም አልመጣበትም።

የበለሱን ጥፍጥፍ ስፍራ የያዘው ገብስ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ በደጋው ትከሻ ላይ ገብስ አይነሣምና። ጥበቡም እሳቱን በቤት ጨርሶ መውጣት ነው። ገብሱ ተለቅሞ በምጣድ ይታመሳል፥ በሙቀጫ ይሸከሸካል፥ ገለባው በሰፌድ ተበጥሮ ይወጣል፥ ዳግመኛ ተቈልቶ ከጨው ጋር ይፈጫል፤ በዚህም በሶ ይባላል። መንገደኛው ከምንጭ ዳር ተቀምጦ ከአቁማዳው ሁለት እፍኝ ወደ ጣባ ይዘረግፋል፥ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ጠብ እያደረገ ያሸዋል፥ በጣቱ ላይ መጣበቁን ሲተውም ጨብጦ ይለቀዋል፤ ያን ጊዜ የአራት ጣቶች ፈለግ የታተመበት፥ መሐሉ ያበጠ ጭብጦ ከእጁ ይወጣል፤ ስሙም ከመጨበጡ የተገኘ ነው። ውኃው ከመጠን ካለፈ በጭብጦው ፈንታ የሚጠጣ ይሆናል፥ ያም ቢሆን አይጣልም። በጾም ማር፥ በፍስክ የተነጠረ ቅቤ የሚያገኝ ሰው ስንቁ ሠመረለት ማለት ነው፤ በቅቤ የታሸው ጭኮ ሲባል፥ በትግራይ ደግሞ የገብሱን ዱቄት አድቦልቡለው፥ በወጥ እያጠቀሱ የሚበሉት ጥሕሎ አለ። የቲቤት መነኮሳትም የተቈላ ገብስ ዱቄት በሻይና በቅቤ እያሹ ጻምፓ ብለው ይመገባሉ፤ ብርድና ዳገት ያለበት አገር አሳቡ አንድ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ስንቅ ከሁሉ አብልጦ የተሸከመው ወታደሩ ነው። በ1888 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ፥ ጭፍራው በመንግሥት ጐተራ ሳይሆን ከየቤቱ ባሰናዳው ስንቅ ተማምኖ ነበር፤ በዚህም ነገር የሚስቱ ወፍጮ ከባሏ ጠመንጃ ቀድሞ ዘመተ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከወታደሩ ቀጥሎ የሚታሰበው፥ ዘመድ እንዳያባክነው ሲል የትውልድ መንደሩን ርቆ ወደ ዲማ፥ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ ቅኔ ፍለጋ የሚጓዘው ደበሎ ለባሽ ነው፤ እናቱ የቋጠረችለት በሶ በጥቂት ቀን ያልቅና፥ ከዚያ ወዲያ አኩፋዳውን አንግቦ፥ ውሻውን በበትሩ እየተከላከለ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በሚለቅመው ይኖራል። ከቅኔውና ከዜማው ይልቅ ምግቡ ስም ሆኖለት የቆሎ ተማሪ ተባለ፤ ለሊቅነት የታጨን ሰው በእፍኝ እህል የሚጠራ ሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሲራራው ነጋዴም ነበረ። በአፄ ፋሲል ዘመን በታነጸው፥ በሞጣ በኩል ባለው የዓባይ ድልድይ ከቤጌምድር ተሻግሮ፥ ከቈላው ወደ ደጋው ዳገቱን ሲያያዘው፥ ለማርያም የተሳለው ዘቢብና ለራሱ የያዘው በሶ በአንዲት አህያ ጀርባ ጐን ለጐን ተጭነው ይወጡ ነበር። ረኀብ ሲጠናበት ከጭነቱ አጠገብ ይቀመጣል፥ የዘቢቡን ቋጠሮ ወደ ጐን ገፋ ያደርጋል፥ የአቁማዳውንም አፍ ይፈታል።