የወርቅ ምድርና የሕዝቡ ድኽነት

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ምሳሌ ለቤኒሻንጉል አገር የተነገረ ይመስላል። በዚያ አገር በበጋ ወራት ሴቶች ወደ ወንዝ ወርደው አሸዋውን በገበቴ እያጠቡ ወርቅ ያወጣሉ፤ ኮረብታውንም ቀርከሃ አልብሶታል። ከአሶሳ በስተ ደቡብ ያለው የቶንጎ ምድርም ዝናብ የሚያገኝ፥ የዘሩበትን የሚያበቅል ነው። ይህ ሁሉ ሳለ በዚያ የሚኖረው የማኦና የኮሞ ሕዝብ በድኽነት መቈየቱ ብዙ ሰዎችን ያስደንቃል። አንዳንዶችም ምክንያቱን የሕዝቡ ስንፍና ያደርጉታል፤ ታሪክን የመረመረ ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን ይረዳል።

የግብጽ ገዢ ሙሐመድ ዓሊ በ1812 ዓ.ም. ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲሰድ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገር ፈልጎ ነበር፤ ይኸውም ወርቅና ባሪያ ነው። ልጁ እስማኤል ፓሻ እስከ ፋዙግሊ ዘለቀ፤ ያሰበውን ያህል ወርቅ ቢያጣም ሰዉን እየማረከ ሰደደ። ከዚያ ወዲህ ወርቁ ነጋዴን ጠራ፤ ነጋዴውም ሰውን እንደ ሸቀጥ ፈለገ። ማኦና ኮሞም መንደራቸውን እየለቀቁ ወደ ዱር ሸሹ። የሚሸሽ ሰው ደግሞ ቋሚ እርሻ አያቀናም፥ ገበያም አያቆምም።

በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን የዐፄ ምኒልክን ጦር ይዘው ዘምተው አገሩን አስገበሩ። ከዚህም በኋላ የአሶሳው ሼክ ሖጀሌ አል ሐሰን ግብሩን በወርቅ ይከፍሉ ነበር። ወርቁ ወደ አዲስ አበባ ወጣ፤ በምትኩ ግን መንገድም፥ ትምህርት ቤትም፥ ሐኪምም ሳይገባ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የወሰን ውልም የበርታንና የኮሞን ሕዝብ ለሁለት ከፍሎ ምድሩን የዳር አገር አደረገው። የሰው ንግድም ቶሎ አልተቋረጠም፤ የሼክ ሖጀሌ ሚስት ሲት አምና በዚሁ ንግድ ስሟ የገነነ ነበር። ባርነትን የሚሽረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ፤ ነገር ግን አዋጅ በአንድ ቀን ይነገራል፥ የፈረሰ መንደር ግን የሚቀናው በትውልድ ነው።

ሰላም ማጣቱም በዚያ አልቀረም። በ2004 ዓ.ም. ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በቶንጎ መጠለያ ተሰጣቸው፤ በ2014 ዓ.ም. ግን በዚያው በተጠጉበት አገር ጠብ ተነሥቶ እንደ ገና ወደ አሶሳ ሸሹ። መጠጊያ የነበረው ምድር ራሱ መጠጊያ ፈላጊ ሆነ።

እንግዲህ የዚህ አገር ድኽነት ሀብት ከማጣት የመጣ አይደለም፤ ሀብቱ ሲወጣ ሰዉ አብሮ ስለ ወጣ፥ የቀረውም ተረጋግቶ ስላልኖረ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በዚያው ክልል በጉባ የተመረቀው ታላቅ ግድብ ለአገር ሁሉ ብርሃን ይሆናል። ከወርቁ የተሻለ ታሪክ የሚኖረው ግን ብርሃኑ በዳር ላሉት መንደሮችም ሲደርስ ነው። ወርቅ ብቻውን አገር አያቀናምና፤ አገርን የሚያቀና፥ ያለ ፍርሃት ዘርቶ ያለ ፍርሃት የሚያጭድ ሰው ነው።