የተደበቀው መንጋጋ ጥርስ፤ ከወጌሻ ጉጠት እስከ ቀዶ ሕክምና

የሕክምና ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የታላላቅ ወረርሽኞች ነገር ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን ነፍስ ሊያጠፋ የሚችል ሕመም ለመመርመር አስበናል፤ ይኸውም በአጥንትና በድድ ውስጥ ተደብቆ የሚቀረው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ነው።

ይህ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበቅላል፤ ስለዚህም ፈረንጆች የጥበብ ጥርስ ይሉታል። ቦታ ሲጠበው ግን ተጋድሞ ይቀራል። በከፊል ብቅ ያለ እንደ ሆነ ምግብ ከድዱ ሥር ገብቶ ይመግላል፤ አፍ መክፈት ያስቸግራል። መግሉ ወደ አንገት ከወረደ ትንፋሽ ያግዳል። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ ይህን የአንገት እብጠት በ1836 (እ.ኤ.አ.) ገልጾ ጽፎታል።

በአገራችን ጥርሱን ያመመው ሰው ከጥንት ጀምሮ ወደ ወጌሻ ይሄድ ነበር። በባሌ ደጋ በሚነገረው ኦሮምኛ ኦጌሳ ማለት ባለሙያ ማለት ነው፤ ባለሙያነቱንም አንክድም። ነገር ግን ጉጠት የሚነቅለው የሚጨብጠውን ነው። የተደበቀው ጥርስ የሚጨበጥ አካል የለውም። ስለዚህ የጎደለው የክንድ ኃይል ሳይሆን ሦስት ነገር ነበር፤ ማደንዘዝ፣ ማየትና ከመመረዝ መጠበቅ።

የመጀመሪያው በ1846 ተጀመረ፤ የጥርስ ሐኪሙ ሞርተን በቦስተን ኤተር ለቀዶ ሕክምና እንደሚያገለግል በአደባባይ አሳየ። በ1884 ኮለር የኮኬይንን የማደንዘዝ ኃይል ገለጸ፤ በ1943 በስዊድን ሌፍግሬን ሊዶኬይንን ሠራ። ሁለተኛው በ1895 ሮንትገን ባገኘው ጨረር መጣ፤ በ1896 ዋልክሆፍ የጥርስ ራጅ አነሣ። በ1926 አሜሪካዊው ዊንተር የተደበቁትን ጥርሶች እንደ አተኛኘታቸው ለይቶ መደበ። ሦስተኛው ንጽሕና ነው፤ በ1940ዎቹም ፔኒሲሊን ተጨመረበት። እነዚህ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በአዲስ አበባ ሕክምና ጀመረ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ ለየጠቅላይ ግዛቱ የጤና መኮንኖችን አሠለጠነ። ሮቤ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ አንገቱ ላበጠ ሰው ይህ መንገድ ረጅም ነው። በ1999 ዓ.ም. በሮቤ የተቋቋመው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲና የእርሱ የሆነው የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ትርጉም ከዚህ ይታያል።

በቀዶ ሕክምናው ድዱ ይከፈታል፤ የሸፈነው አጥንት በጥቂቱ ይሰረሰራል፤ ጥርሱ አስፈላጊ ሲሆን ተቆርጦ በክፍል በክፍል ይወጣል፤ ከዚያም ድዱ ይሰፋል። ቀሪው ሥራ የቤት ነው። በጉድጓዱ የሚረጋው ደም የቁስሉ መክደኛ ስለ ሆነ በመጀመሪያው ቀን አፍን አጥብቆ መጉመጥመጥ፣ በኃይል መትፋት፣ መምጠጥና ማጨስ ክልክል ነው። የረጋው ደም ከወጣ አጥንቱ ይራቆታል፤ ብርቱ ሕመምም ይከተላል። ገብስ አብቃይ በሆነው በባሌ የቆሎ ፍንካች ቁስሉ ውስጥ እንዳይገባ፣ ትኩስ ገንፎም ደሙን እንዳይቀሰቅስ መጠንቀቅ ያሻል፤ የቀዘቀዘ አጥሚት ይሻላል። ከማግስቱ ጀምሮ ለብ ባለ የጨው ውኃ በዝግታ መጉመጥመጥ ይጠቅማል። እብጠቱ እስከ ሦስተኛው ቀን ቢጨምር የሚጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ ከባሰ፣ ትኩሳት ካመጣ ወይም መዋጥ ከከለከለ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መመለስ ይገባል።

የተደበቀ ጥርስ ሁሉ ይውጣ ማለታችን አይደለም፤ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የእንግሊዝ መመሪያ ሕመም የሌለበትን እንዲሁ መንቀል አይገባም ብሏል። የምንለው፣ ወጌሻው ጉጠቱ የማይደርስበትን ዐውቆ ሕመምተኛውን በጊዜ ወደ ሆስፒታል ቢልክ፣ ከቀድሞው ሙያው ምንም አይጎድልበትም፤ የአንድ ሰው ሕይወት ግን ይተርፋል።