ከካዝና የወጡ ገጾች

የኢሲ ኮሚክስ ሥራዎች ዳግም ኅትመት። ትልቅ ቅርጽ፣ ጥቁርና ነጭ። አሜሪካ። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዊልያም ጌይንስ በ1947 ከአባቱ የወረሰው አነስተኛ አሳታሚ ድርጅት ኢሲ፣ ከ1950 ጀምሮ በአል ፌልድስታይንና በሃርቪ ኩርትዝማን አዘጋጅነት የአስፈሪ፣ የጦርነትና የሳይንስ ልብ ወለድ ኮሚኮችን አወጣ። በ1954 የአሳታሚዎች የቁጥጥር ደንብ መጣ፤ በ1956 ከማድ መጽሔት በቀር የተረፈ አልነበረም።

ጌይንስ ግን በብዕርና በብሩሽ የተሠሩትን ዋና ሥዕሎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም አስቀምጧቸው ነበር። ኮሚኮቹን በልጅነታቸው ያነበቡ አድናቂዎች ጎልማሶች ሆነው ወደ እነርሱ ተመለሱ፤ ከእነዚህ አንዱ ረስ ኮክራን ከዋናዎቹ ገጾች አሳተማቸው። በርካሽ ወረቀት ላይ የተዳፈነው የሠዓሊው ዋሊ ውድ ቀጭን መስመር እዚህ ጥርት ብሎ ይታያል።

ሳይታይ የማይታለፈው ግን ጆ ኦርላንዶ የሣለው «የፍርድ ቀን» ነው። ከምድር የመጣ መርማሪ፣ ብርቱካናማ ሮቦቶች ሰማያዊዎቹን የሚያገልሉበትን ዓለም ታዝቦ በፕላኔቶች ኅብረት አባል እንዳይሆን ይከለክለዋል። በመጨረሻው ሥዕል የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ነው። ታሪኩ በ1953 ወጣ። በ1956 በድጋሚ ሊታተም ሲል የደንቡ ተቆጣጣሪዎች ጀግናው ጥቁር እንዳይሆን ጠየቁ። ጌይንስና ፌልድስታይን እምቢ ብለው ሳይለውጡ አተሙት፤ ያ እትም የኢሲ የመጨረሻ ኮሚክ ሆነ።