የሰንጋ ተራው ሚዛን

ዛሬ አዲስ አበባ ሰንጋ ተራ ላይ የምናውቀው ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ተቋቋመ። ጣሊያን ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱም ባንኩም ሒሳብ ያዥና ጸሐፊ ይሻ ነበር። በዚያ ዘመን በአገራችን የአካዳሚክ ትምህርት ደረጃ የሚለካው በለንደን ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና፣ በለንደን ማትሪክ ነበር። ጃማይካና ትሪኒዳድም በካምብሪጅ ፈተና ይመዘኑ ነበር፤ የራሳቸው የካሪቢያን የፈተና ምክር ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። እነሱ ቅኝ ተገዝተው ነው፤ እኛስ? ፈተናውን በፈቃዳችን መዋሳችን ይገርማል። የውጭ ፈታኝ አድልዎን ይከላከላል የሚሉ አሉ፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የለንደን ወረቀት ተማሪው በአማርኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጻፍ፣ መዝገብ ማመሳከር መቻሉን አይናገርም። የንግድ ሥራ ምሩቅን ይህን የሚጠይቀው ቀጣሪው ነበር፤ እሱ ደግሞ ለወረቀት ሳይሆን ለሥራ ነው የሚከፍለው።