የሐሞት ጠጠርና የ6 ሳምንት አልጋ

እማዬ ከዓመታት በፊት የሐሞት ጠጠሯ ሆዷ ተከፍቶ ሲወጣ፣ ባምቢስ ጋ ያለው ቤታችን ከወር በላይ ጠያቂ አልተለየውም። ባለፈው ሰሞን ጎረቤታችን በካሜራ ኦፕራሲዮን ተደርጋ በማግስቱ ቤቷ ገባች። እማዬ «ታዲያ እኔን ለምን እንዲያ ቀደዱኝ?» አለች። የታሪክ መምህር አይደለሁ፣ መልሱን ከታሪክ ፈለግኩ።

ሐምሌ 1874 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ገና ሳትቆረቆር፣ ካርል ላንገንቡክ በርሊን ላይ የመጀመሪያውን የሐሞት ከረጢት ሆድ ከፍቶ አወጣ። በሽተኛው ከሆስፒታል የወጣው ከ6 ሳምንት በኋላ ነው። መንገዱ ይሄው ሆኖ መቶ ዓመት አለፈ። መስከረም 2 ቀን 1978 ዓ.ም. ኤሪክ ሙሄ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ያንኑ ከረጢት በትንሽ ቀዳዳ አወጣው። በዚያው ዓመት ለአገሩ የቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ቢያቀርበው አልተቀበሉትም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ማኅበሩ ራሱ ሸለመው።

በሁለቱም መንገድ የሚወጣው ያው ከረጢት ነው። ሰውን አልጋ ላይ የሚያቆየው የተቆረጠው የሆድ ግድግዳ ነው። ሆድ ሲከፈት ወደ ሥራ ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በካሜራ ሲሆን 1 ወይም 2 ሳምንት ይፈጃል። ለቀን ሠራተኛ ልዩነቱ የወር ኪራይ ነው።

እማዬ በታከመችበት ጊዜና ቦታ ካሜራው አልነበረም፤ ያተረፋት ያ መቀደድ ነው። ዛሬም ውስጡ ከተጣበቀ ወይም ከደማ ሐኪሙ በካሜራ ጀምሮ ሊከፍት ይችላል፤ እንዲያ ቢሆን አትደንግጡ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን «በካሜራ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።