የካርቱሙ ኮሌጅ እንዴት ቤተ መጻሕፍት ሆነ

የታሪክ መምህራን ጄኔራል ጎርደንን ከደብረ ታቦር ጋር አያይዘው ያስታውሱታል። በ1879 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የግብፅን መንግሥት ወክሎ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ሊነጋገር መጥቶ ነበር። በ1885 የመህዲ ተከታዮች ካርቱምን ሲይዙ እዚያው ተገደለ። ኪችነር በ1898 ሱዳንን በጦር ኃይል ካስገበረ በኋላ በጎርደን ስም ኮሌጅ ለማሠራት ከእንግሊዝ ሕዝብ ከ100,000 ፓውንድ በላይ አሰባሰበ። የመሠረቱ ድንጋይ በ1899 ተጣለ፤ ሕንፃው በ1902 ተመረቀ። ዓላማው ሱዳናውያንን ማስተማር ነው ይባል እንጂ ቅኝ ገዥው በቅድሚያ የፈለገው ለአስተዳደሩ የሚያገለግሉ ጸሐፊዎችንና የእጅ ባለሙያዎችን ነበር።

ሕንፃው ከእኛው ዓባይ ዳር አጠገብ የቆመ፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣ በጡብ የተሠራ ነው። ዙሪያውን የከበቡት ባለ ቅስት በረንዳዎች ለጌጥ ብቻ አይደሉም፤ የካርቱም ፀሐይ ግድግዳውን በቀጥታ እንዳያገኘው ይከላከላሉ።

በ1945 የሞተው የሱዳን አስተዳደር ዋና ጸሐፊ ዳግላስ ኒውቦልድ የተዋቸው መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍቱ መነሻ ሆኑ። ኮሌጁ በ1951 ከኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ተዋሕዶ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ አገሪቱ ነፃ በወጣችበት በ1956 ደግሞ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተባለ። አሮጌው ሕንፃም ዋናውን ቤተ መጻሕፍት ያዘ። ስለ ሱዳን የተጻፈውን ሁሉ የሚሰበስበው የሱዳን ክፍል የተደራጀው በዚሁ ውስጥ ነው። ለቅኝ ገዥው ጸሐፊ ማሠልጠኛ የተሠራ ቤት የአገሬው ሰው ስለ ራሱ የሚያነብበት ሆነ ማለት ነው፤ ኪችነር ይህን ያሰበ አይመስለኝም።

ነገር ግን የመማሪያ ክፍልን ቤተ መጻሕፍት ማድረግ ወንበር አውጥቶ መደርደሪያ እንደማስገባት ቀላል አይደለም። መጻሕፍት እጅግ ይከብዳሉ፤ ለተማሪዎች የተሠራ ወለል ጥቅጥቅ ብሎ የተደረደረ ወረቀት ላይሸከም ይችላል። ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል ሲመጣ አቧራው በየቀዳዳው ይገባል። ለማቀዝቀዣ ሲባል በረንዳው ቢደፈን ደግሞ ሕንፃው የተፈጥሮ ጥላውን ያጣል።

በአዲስ አበባ ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ መንገድ ተመልሷል። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን በዚያው አደራጀ። ለብዙኃኑ ተማሪ ግን በ1960ዎቹ ማብቂያ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት በዚያው ግቢ ለብቻው ተሠራ። በእኔ አስተያየት ይህ ይሻላል፤ የመጻሕፍቱን ሸክም የራሱ መሠረት ያለው አዲስ ሕንፃ ይሸከማል፤ አሮጌው ለአንባቢና ለልዩ ስብስብ ይቀራል።

ለካርቱም ይህ ምርጫ ዛሬ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ሚያዝያ 2023 በተቀሰቀሰው ጦርነት የከተማዋ መሐል የውጊያ ቀጠና ሆነ፤ የዩኒቨርሲቲውም ግቢ ተጎዳ። በግንቦት 2023 በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሺር የጥናት ማዕከል ከነመጻሕፍቱ ተቃጠለ። ሠራዊቱ በመጋቢት 2025 ካርቱምን መልሶ ሲይዝ የጥገናው ጥያቄ ተነሣ፤ ቅስቶቹን ከማደስ በፊት የሚቀድመው የተረፉትን መጻሕፍት መቁጠርና ከዝናብ መከለል ነው።