ልጁ የት ደረሰ? በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ አንድን ክፍል የሚካፈሉ መምህራን ታሪክ



የዛሬው ርእሴ በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ አዘውትሮ ይነሣል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን እምብዛም አልነኩትም። በብሪታንያና በሌሎች አገሮች ሁለት መምህራን አንድን የሥራ መደብ ተካፍለው፣ አንደኛዋ የሳምንቱን የመጀመሪያ ቀናት፣ ሌላዋ የቀሩትን ቀናት አንድ ክፍል የሚያስተምሩበት አሠራር አለ። ወላጆች ስለዚህ አሠራር የሚያነሡት ጥያቄ ገና ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ሁለት መምህር ቢፈራረቅበት ይጎዳል ወይ የሚል ነው። በእኛ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ መደብ የተለመደ አይደለም። ሆኖም ከጎንደር ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ዳባት፣ ከዚያም እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ፣ አንድን ሕፃን ብዙ መምህራን ሲካፈሉት መኖራቸው የቆየ ነገር ነው። የተካፈሉትም አንዳንዴ በሥርዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በችግር ነው።

ታሪኩን ከየኔታ መጀመር ግድ ይላል። ዘመናዊ ትምህርት ወደ ወገራና ሰሜን ከመድረሱ ከብዙ ዘመን በፊት የደጋው ልጅ የሚማረው በደብሩ አጸድ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በአንዲት ጎጆ ውስጥ ነበር። ከላይ ሲታይ የአንድ መምህር ሥርዓት ይመስላል፤ ልጁ ሁሉ የየኔታ ተማሪ ይባላልና። በተግባር ግን ፊደል ቆጣሪውን ሕፃን በየዕለቱ የሚያስቆጥሩት በአብዛኛው ከእርሱ ቀድመው የገፉ ታላላቅ ተማሪዎች ነበሩ። የኔታ የታላላቆቹን ንባብ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፤ ታላላቆቹ ደግሞ ታናናሾቹን ያስጠናሉ። ዛሬ ያስቆጠረው ተማሪ ነገ ወደ ሌላ ደብር ሊሄድ ይችላል፤ በቦታው ሌላ ይተካል።

ይህ ሁሉ መፈራረቅ ትምህርቱን ያላፈረሰው ለምንድን ነው? እኔ እንደማየው ምክንያቱ የልጁ መድረሻ በማንም መምህር አእምሮ ላይ ያልተንጠለጠለ መሆኑ ነው። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነበር፤ መጀመሪያ ሀሁ፣ ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ በመጨረሻም ዳዊት። ዳዊቱ ራሱ 150 መዝሙር ሲሆን በየአሥሩ እየተከፈለ 15 ንጉሥ ይባላል። የንባቡም ዓይነት ደረጃ አለው፤ ቁጥር፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ። እንግዲህ አዲስ አስጠኚ ሲመጣ የሚጠይቀው አጭር ጥያቄ ነው፤ ስንተኛው ንጉሥ ላይ ነህ? በውርድ ነው በቁም? የሰባት ዓመቱ ልጅ ራሱ ይመልሳል። ቢዋሽ እንኳ አንድ መስመር ሲያነብ ይታወቅበታል። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ ድግስ የሚደግሱለትም መድረሻው ለመንደሩ ሁሉ የታወቀ ስለነበረ ነው።

ሥርዓቱን ለማሞካሸት አይደለም። የግእዙን ቃል ትርጉሙን ሳይረዳ የሚያነበንብ ብዙ ነበር፤ አለንጋው የታወቀ ነው፤ ሴቶች ልጆች በአብዛኛው ከደጁ ቀርተዋል። የእኔ ጉዳይ አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ርክክቡ ቀላል ነበር። በነገራችን ላይ ይህን መሰሉን አሠራር አውሮፓውያን እንደ አዲስ ግኝት ያወጁት በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ነው። አንድሩ ቤል በሕንድ ማድራስ፣ ጆሴፍ ላንካስተር በለንደን፣ ታላላቅ ልጆች ታናናሾችን የሚያስተምሩባቸውን ትምህርት ቤቶች አደራጁ። ደብሮቻችን ያንን ዜና ሳይጠብቁ ሲሠሩበት ኖረዋል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሌላ መንገድ ያዘ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈት ዋናው ግብ ቋንቋ የሚያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ማፍራት ነበር፤ ትምህርቱም በክፍለ ጊዜና በትምህርት ዓይነት የተከፋፈለ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሲሰፋ በዚያው ቅርጽ ሰፋ። ጣሊያኖች ከጎንደር ወደ ሰሜን በዘረጉት መንገድ ዳር ያሉ ከተሞች ቀድመው መምህር አገኙ፤ ከመንገዱ የራቀው ቀበሌ ግን ቆይቶ ደረሰው፤ ያገኘውንም መምህር ለረጅም ጊዜ ማቆየት አልቻለም። የመምህሩ ዓይን ሁልጊዜ ወደ አስፋልቱ ነው። ዝውውር የሚባለው ነገር በአስተዳደር መዝገብ የአንድ ሰው ጉዳይ ይመስላል፤ በክፍሉ ውስጥ ግን የብዙ ሕፃናት ጉዳይ ነው።

ወሳኙ ለውጥ የመጣው በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው የአንደኛ ደረጃን 8 ዓመት አደረገ፤ የመጀመሪያዎቹን 4 ዓመታት መሠረታዊ ትምህርት ብሎ ለየ። በእነዚህ ክፍሎች አንድ መምህር አንድን ክፍል ይዞ አማርኛውን፣ ሒሳቡን፣ እንግሊዝኛውን፣ የአካባቢ ሳይንሱንና የሥነ ውበት ትምህርቱን ሁሉ እንዲያስተምር ተደነገገ። መምህራን እስከ ዛሬ ድረስ በእንግሊዝኛ ስሙ ሰልፍ ኮንቴይንድ ይሉታል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሕፃኑ ከእናቱ ቤት ወጥቶ አንድ የሚያውቀው ሰው ያገኛል፤ መምህሯም ልጁ በአማርኛ የተቸገረበትን ነገር በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ታስታውሰዋለች። በዚሁ ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ተማሪ በፈተና እንዳይወድቅ፣ በተከታታይ ምዘና እየታየ በቀጥታ እንዲዛወር ተወሰነ።

እነዚህን ሁለት ውሳኔዎች አጣምረን እንያቸው። ልጁ የት እንደደረሰ የሚያውቀው ከእንግዲህ ዳዊቱ አይደለም፤ የዓመቱ መጨረሻ ፈተናም አይደለም። የምታውቀው አንዲት መምህር ናት። ልጁን የሚመለከተው እውቀት ሁሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተከማቸ ማለት ነው። ያቺ ሴት ዓመቱን ሙሉ በክፍሉ እስካለች ድረስ ከዚህ የተሻለ አሠራር አይገኝም።

ችግሩ ግን በዚያው ዘመን የተማሪው ቁጥር እንደ ጎርፍ መጨመሩ ነው። በ1987 ዓ.ም. ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2001 ዓ.ም. ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ለአንድ መምህር 50 ተማሪ የሚለው መመዘኛ በወረቀት ላይ ነበር፤ ክፍሉ ግን የሚበቃውን ያህል አልተሠራም፤ ስለዚህ ፈረቃ መጣ። አንዱ ክፍል ጠዋት የአንዱ፣ ከሰዓት የሌላው ሆነ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የፊደል ገበታ የሁለት መምህራን ንብረት ሲሆን የማንም አይሆንም። ከፈረቃው ጋር የትምህርት ዓይነት ክፍፍል ተከተለ። በአንድ ሙያ ተመርቀው ለላይኛው ክፍል የሠለጠኑ መምህራን ወደ ታችኛው ክፍል ሲመደቡ፣ ወይም የሳምንቱ ክፍለ ጊዜ እኩል እንዲዳረስ ሲፈለግ፣ እንግሊዝኛው ለአንዱ፣ ሒሳቡ ለሌላው ይሰጣል። የወሊድ ፈቃድም አለ፤ መብት ነው፣ ተገቢም ነው። ነገር ግን ለእነዚያ ወራት ክፍሉን የሚይዘው ሰው ብዙ ጊዜ የራሱን ክፍል ሳይተው ደርቦ የሚሠራ የሥራ ባልደረባ ነው። እንዲህ ባለ ቀን የ1ኛ ክፍሉ ልጅ በስሙ የአንዲት መምህር ተማሪ ነው፤ በተግባር ግን የሦስት።

ሌላም አለ፤ በደጋው በተለይ። ልጁን ቤቱም ይካፈለዋል። ከብት ጥበቃውን ወንድማማቾች በተራ ይይዙታል፤ በኅዳር የገብሱ አጨዳ ሲደርስ ተራው ይዛባል። ስለዚህ መምህር ብቻ ሳይሆን ተማሪውም ይፈራረቃል። ማክሰኞ የቀረ ልጅ ረቡዕ ሲመጣ ሌላ መምህር ያገኛል፤ ያ መምህር ልጁ ትናንት እንዳልነበረ አያውቅም፤ የትናንቷ መምህር ደግሞ ዛሬ የለችም። አንዱ መቅረት ከሌላው ጋር ሲገናኝ የሚጠፋው አንድ ቀን ሳይሆን አንድ የፊደል ቤተሰብ ነው።

ውጤቱን በቁጥር ለመናገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ይህን ሁሉ በመምህራን መፈራረቅ ላይ መጫን አይቻልም፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ ርሃብ አለ፣ የክፍሉ ብዛት አለ። ከውጭ የሚጠቀስ አንድ ጥናት ግን ለጉዳያችን ይቀርባል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ሮላንድ ፍራየር በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ ከ40 በላይ በሆኑ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያካሄደውን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትሟል። መምህራን በሚበልጡበት የትምህርት ዓይነት ብቻ እንዲያስተምሩ ሲደረግ ውጤት ይጨምራል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ይልቁንም ቀነሰ። ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ መምህሩ ብዙ ተማሪ ሲይዝ እያንዳንዱን የማወቅ ዕድሉ ይቀንሳል የሚል ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ከዚህ ተነሥተው ወደ አንድ መምህር በጥብቅ እንመለስ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዝውውርን፣ ወሊድን፣ ሕመምንና ጦርነትን በደንብ መከልከል አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ በደረሰ ጊዜ አንድ መምህር ለአንድ ክፍል የሚለው መመሪያ ለማን ይነበብ ነበር? ንባብ ቤቱ የሚያስታውሰን ብዙ እጅ ያለፈበት ልጅም ማንበብ እንደሚችል ነው፤ እጅ ለእጅ የሚያስተላልፈው ነገር ካለ።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ያ ነገር የት አለ? በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መተግበር ሲጀምር የአንደኛ ደረጃው ወደ 6 ዓመት ተመለሰ፤ መጻሕፍቱ ተለወጡ። ሮስተሩ ግን ያው ነው። ልጅቷ በአማርኛ 62 ማግኘቷንና ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣች ይናገራል፤ ‘ጨ’ን ከ‘ጠ’ መለየት አለመቻሏን አይናገርም። ለታሪክ ተመራማሪ ደግሞ ከሮስተሩ ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላ ወረቀት ነው። መምህር ሲዛወር ክሊራንስ ያስሞላል። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰው ተመልሷል ወይ? የመምህሩ መምሪያ ገብቷል ወይ? የሳጥኑ ቁልፍ፣ ወንበሩ፣ ማስመሪያው? ለእያንዳንዱ ፊርማና ማኅተም አለ። የ1ኛ ክፍል ልጆቹ እያንዳንዳቸው የትኛው ፊደል ላይ እንደቆሙ የሚጠይቅ መስመር በቅጹ ላይ የለም።